ደጋ ላይ ወባ? እማዬ ከቀበሌዋ ሳትወጣ እንዴት ያዛት?

የማርቆሷ፦
ሰላም ናችሁ? ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፈው። እናቴ የምትኖረው ምሥራቅ ጎጃም ነው፤ ቀበሌያችን ከባህር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኛ ልጆች እያለን ወባ ቆላ የወረደ ሰው በሽታ ነበር። አባቴ ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ እማዬ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ «ምንም ቢመሽብህ እዚያ እንዳታድር።»

ባለፈው ጥቅምት ግን እሷ ራሷ ታመመች። መጀመሪያ ብርድ መትቶኛል ብላ ጋቢ ተከናንባ ተኛች። ያንቀጠቅጣታል፣ ያልባታል፣ ይለቃታል፣ ደግሞ ይመጣል። ጤና ኬላ ሄዳ ከጣቷ ደም ወስደው በፈጣን መመርመሪያ ኪት ሲያዩት «ነፃ ነሽ» ተባለችና ፓራሲታሞል ይዛ ተመለሰች። በአራተኛው ቀን መቃዠት ስትጀምር ታናሽ ወንድሜ በባጃጅ ከተማ አደረሳት። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፋልሲፓረም የሚባለው ከባዱ የወባ ዓይነት ነው።

ተመስገን፣ ድናለች። ግን ጎረቤትም ሁለት ሰው ተኝቷል፣ ጤፉ ደርሶ ወንፈል የሚገባ ሰው ጠፋ። ሰዉ ደግሞ ወንድሜን ነው የሚያየው። ክረምቱን መተማ ሰሊጥ ሲያርም ከርሞ መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው የተመለሰው፣ እዚያም ታሞ ነበር። «አንተ ነህ ያመጣህብን» ብለውታል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚውለው። እውነት የሱ ጥፋት ነው? ወይስ አየሩ ነው የተለወጠው?

ላብራቶሪስት፦
እናትሽ እንኳን ተረፉልሽ። በመጀመሪያ ለወንድምሽ ይህን ንገሪው፤ ከቆላ ታሞ የሚመለስ ሰው ዱሮም ነበር። ሁመራና መተማ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው የደጋ ልጅ ዛሬ አይደለም የጀመረው። ሁልጊዜም ወባ በደሙ ይዞ ይመጣ ነበር፣ ግን እሱ ታሞ እሱ ይድናል እንጂ ወደ እናቱ ብዙም አይተላለፍም ነበር።

ለምን ቢባል፣ ትንኟ ከታመመ ሰው ደም ብትመጥም ወዲያው አታስተላልፍም። ጥገኛው፣ ማለትም ወባ አምጪው ተሕዋስ፣ መጀመሪያ ሆዷ ውስጥ ማደግ አለበት፣ ያ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። ፋልሲፓረም በ25 ዲግሪ 12 ቀን ገደማ ይበቃዋል። በ20 ዲግሪ ወደ 28 ቀን ይሄዳል። በ18 ዲግሪ ከ50 ቀን በላይ ነው። ትንኟ ደግሞ ያን ያህል ዕድሜ የላትም፣ ሳታስተላልፍ ትሞታለች። ደጋውን ሲጠብቀው የኖረው ይሄ ነው። ብርዱ ትንኟን ጨርሶ ስላልከለከላት ብዙ ሰው «ትንኝማ ዱሮም ነበረች» ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ነበረች።

እንግዲህ አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በአማካይ 1.3 ዲግሪ ሞቃለች። ትንሽ ይመስላል። ግን ከላይ ያሉትን ቀኖች እይያቸው፤ ከ18 ወደ 20 ሲሄድ ስንት ቀን ነው የሚቀንሰው! ደብረ ዘይት አካባቢ የተሰበሰበ የብዙ ዓመት መረጃ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል፤ ሞቃት በሆነ ዓመት ወባው ወደ ከፍታው ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። ወንድምሽ መስከረም ገባ፣ እናትሽ ጥቅምት ታመሙ። ቀኑ ይገጥማል፣ ግን ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

ኪቱን በተመለከተ፦ ኪቱ የሚፈልገው ጥገኛው የሚያወጣውን አንድ ፕሮቲን ነው። ያን ፕሮቲን የሚሠራበት ጂን የጠፋበት ፋልሲፓረም አገራችን ውስጥ አለ፣ በኪቱ አይታይም። ትኩሳቱ ካልለቀቀ «ነፃ ነህ ተብያለሁ» ብሎ መተኛት የለም፣ ማይክሮስኮፕ ያለበት መሄድ ነው።

የድሬ ልጅ፦
እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ በሌላ በኩል ነው የመጣው። ድሬዳዋ ቆላ ናት፣ ወባ እናውቃለን፣ ግን በበጋ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 ሰው ነበር የታመመው፤ በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ብቻ ከ2,400 በላይ! አዲስ ዓይነት ትንኝ ናት፣ ስቴፈንሳይ የሚሏት። ከእስያ ናት፣ ጅቡቲ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ታየች፣ እኛ አገር ቀብሪ ደሃር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016። ይህቺ ኩሬና ረግረግ አትፈልግም፣ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። ውሃ በፈረቃ ሲሆን ሰው ምን ያድርግ? ያጠራቅማል። ድርቁ ሲብስ በርሜሉ ይበዛል፣ እሷም ትበዛለች። የኛ ግቢ በርሜል ክዳኑ የተሰነጠቀ ነበር፣ አንድ ጠዋት አያቴ በኩባያ ቀድታ ስታሳየኝ ውሃው ውስጥ እንደ ክር የሚወራጩ ትንንሽ ትሎች ሞልተዋል። ለካ የትንኝ እጭ ነው። አሁን በየሳምንቱ ገልብጠን እንፈትገዋለን፣ አፉን በነጠላ እናስረዋለን።

ታዛቢ፦
ሁሉን በአየር ንብረት ላይ ማሳበብ ግን አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1958 ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ደጋና ወይና ደጋ በተነሳ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ሞቷል። ያኔም ሙቀትና ዝናብ ከወትሮው በዝቶ ነበር። አሁን ደግሞ በጦርነቱ የቤት ርጭት የተቋረጠበት፣ መድኃኒት ያልደረሰበት ወረዳ ስንት ነው? እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሞ 1,157 ሞቷል። ይሄ ሙቀት ብቻ ያመጣው አይደለም።

ላብራቶሪስት፦
ልክ ነህ ወንድሜ፣ ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ግን ርጭትና አጎበር ሲታደል ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው «ወባ የሌለበት» ተብሎ ነው የኖረው። ወባው ወደ ላይ ከወጣ ካርታውም አብሮት መውጣት አለበት። የ1958ቱም እኮ ያን ያህል ሰው የፈጀው ሕዝቡ ለምዶት ስለማያውቅ ነው፣ ሰውነቱ አይቋቋመውም። የማርቆሷ፣ እናትሽ አጎበር ነበራቸው?

የማርቆሷ፦
የላትም። ዛሬ ደውዬ ስጠይቅ «ለእናንተ ቀበሌ አይታደልም» ተብለዋል። ከዚህ አንድ ገዝቼ እልካለሁ፣ ለጎረቤቶቹ ግን አይበቃም። የጤና ኤክስቴንሽኗ ሦስቱንም ታማሚ መዝግባ ለወረዳ እንድታሳውቅ ለምኛታለሁ። ላብራቶሪስት፣ የቀኑን ነገር የጻፍከውን ለወንድሜ በስልክ አነበብኩለት። ዝም አለ። ቆይቶ «እስቲ ለእማዬም አንብቢላት» አለኝ።