ለጸደዩ የትራክ ቀን፦ ሃርነስ በጅምላ እንግዛ ወይስ ይቅር?

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ ሰዓት ያለቀብን ሃርነስ (የእሽቅድምድም መኪና ቀበቶ) ላይ ነው። ላልነበራችሁ በአጭሩ፦ ሳሚት ፖይንት የእሽቅድምድም ትራክ ላይ ከምንነዳበት ቀን በፊት ባለ አራት ማሰሪያ የውድድር ቀበቶ በጅምላ እንግዛ፣ አባላት በቅናሽ ይውሰዱ፣ ክፍያውን መጀመሪያ የማኅበሩ ካዝና ይቻለው የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ግማሹ ሰው አጨበጨበ፣ ግማሹ ዝም አለ። ዝም ያላችሁት እዚህ ጻፉ። አሰባስቤ ለኮሚቴው አንድ የጋራ ሐሳብ አቀርባለሁ። መኪኖቻችን በብዛት ሚያታ ናቸው፣ ከዚያ ጂ አር 86 እና ቢ አር ዜድ፣ ጥቂት ካይማንም አሉ።

ባለ 86፦
ሐሳቡ የእኔ ነው፣ ስለዚህ ልጀምር። ሳሚት ፖይንት የነዳችሁ ታውቁታላችሁ። ዋናው ቀጥታ መንገድ አልቆ አንደኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ስትረግጡ ሰውነታችሁ ወደፊት ይሄዳል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ በሩ ይገፋል። እኔ ግራ ጉልበቴን በሩ ላይ ደግፌ፣ መሪውን እንደ አውቶቡስ ብረት ይዤ ነው የምታጠፈው። በዚህ ሁኔታ መሪው የሚነግራችሁን ነገር እጃችሁ አይሰማውም። ሰውነት ከታሰረ እጅ ነጻ ይሆናል። ባለ አራቱ ደግሞ ወንበር አያስቀይርም። የትከሻዎቹን ከኋላ ወንበር ቀበቶ ማሰሪያ ላይ አስሮ፣ እሁድ ማታ ፈትቶ፣ ሰኞ ሥራ መሄድ ነው። ዋጋውም አይጎዳም።

ባለ ጋራዥ፦
ልጄ፣ ስለ እጅህ ያልከው ልክ ነው። የመረጥከው ዕቃ ላይ ግን አልስማማም።

ባለ አራቱ መፍቻው ሆድህ ላይ ነው። የትከሻዎቹን ጠበቅ ባደረግህ ቁጥር መፍቻውን ወደ ላይ ይስበዋል፣ የወገቡም ቀበቶ አብሮት ይወጣል። ቀበቶ መቀመጥ ያለበት የዳሌ አጥንት ላይ ነው። አጥንቱ ይችለዋል። ሆድ ላይ ከወጣ ግን ከፊት ስትጋጭ ዳሌህ ከቀበቶው ሥር ሾልኮ ወደፊት ይሄዳል፣ ጉልበቱን ሁሉ የሚቀበለው አንጀትና ጉበት ይሆናል። ባለ አምስትና ባለ ስድስቱ በእግር መሀል የሚያልፍ ማሰሪያ ያላቸው መፍቻውን ቁልቁል እንዲይዙት ነው። ከሁለቱ ባለ ስድስቱን እመርጣለሁ። በመሀል የሚያልፈው አንድ ብቻ ሲሆን ለወንድ ልጅ ምን እንደሚያስከትል ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

ሁለተኛው የትከሻው አንግል ነው። ከትከሻ ወደ ኋላ ሲሄድ አግድም ቢሆን፣ ዝቅ ቢልም ከ20 ዲግሪ ባያልፍ ጥሩ ነው። ወለል ላይ ወይም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ካሰርከው በግጭት ጊዜ ትከሻህን ቁልቁል ይጫናል፣ ያ ሁሉ ጫና አከርካሪህ ላይ ያርፋል። እንደ አንተ የኋላ ወንበሩ ዝቅ ባለ መኪና ሳይለኩ ማሰር የለም።

ሦስተኛው ወንበሩ ነው። የፋብሪካው ወንበር የትከሻ ቀዳዳ የለውም። ማሰሪያው ጎንና ጎን ይንሸራተታል፣ ወንበሩም ራሱ ለዚያ ዓይነት ጉልበት አልተሠራም።

ባለ 86፦
ጋሼ፣ ያሉትን ተቀብያለሁ። ግን የጀርመኑ ኩባንያ ሽሮት የሚሠራው ባለ አራትስ? ከትከሻዎቹ በአንዱ ላይ የተሰፋ እጥፋት አለው። በግጭት ጊዜ ስፌቱ ይለቅና አንዱ ትከሻ ትንሽ ቀድሞ ይሄዳል፣ ሰውነት ስለሚዞር ዳሌው አይሾልክም ይላሉ።

ባለ ጋራዥ፦
ያ ቁም ነገር ያለው ዕቃ ነው፣ አልጥለውም። ግን የሚሠራው አምራቹ በዘረዘራቸው መኪኖችና ወንበሮች ላይ፣ እሱ ባለው አንግል ነው። መኪናህ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ መመሪያውን ይዘህ ና፣ አብረን እናየዋለን። በጅምላ ተገዝቶ እንደ ቲሸርት ለሁሉም የሚታደል ዕቃ ግን አይደለም።

ባለ ሚያታ፦
እኔ የተሟላውን የመከላከያ ዕቃ ካስገባነው ጥቂቶች አንዷ ነኝ፣ ከዚያ በኩል ልጻፍ።

ሚያታ ጣሪያ የላትም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመጣው ሮል ባር (መኪና ሲገለበጥ ጭንቅላትን የሚጠብቅ ቅስት ብረት) ነው፣ ሃርነስ ሁለተኛ ነው። ሄልሜት አድርጋችሁ ተቀመጡ፣ አንድ ሰው ከሮል ባሩ ጫፍ እስከ ፊት መስታወቱ ክፈፍ ቀጥ ያለ የመጥረጊያ እንጨት ያስቀምጥ። ሄልሜታችሁ እንጨቱን ከነካ አላለፋችሁም። ብዙ አዘጋጆች ትራኩ መግቢያ ላይ የሚያደርጉት ፈተና ይኸው ነው።

ጣሪያ ያላችሁም ተጠንቀቁ። ሃርነስ ባር ተብሎ የሚሸጠው አግዳሚ ብረት ማሰሪያ ይይዛል እንጂ ጣሪያ አይይዝም። መኪና ተገልብጦ ጣሪያው ሲደፋ በፋብሪካው ቀበቶ የታሰረ ሰው ወደ ጎን ሊዘነብል ይችላል። በሃርነስ የተጠፈረው ግን ቀጥ ብሎ ይጠብቀዋል። ሮል ባር፣ ትክክለኛ ወንበርና ሃርነስ አብረው ይገባሉ የሚባለው ለዚህ ነው።

ከዚያ አንገት አለ። ሃርነስ ደረትን ወንበሩ ላይ ሲያስቀር ጭንቅላት ከነሄልሜቱ ብቻውን ወደፊት ይሄዳል። አሜሪካዊው የእሽቅድምድም ነጂ ዴል ኧርንሃርት እ.ኤ.አ. የካቲት 2001 ዳይቶና ትራክ ላይ፣ በመጨረሻው ዙር ግድግዳ መትቶ የሞተው የራስ ቅሉ ሥር ተሰብሮ ነው። ሃንስ የሚባለው የአንገት መከላከያ ያን ጊዜ ነበረ። ሮበርት ሀባርድ የሚባል ፕሮፌሰርና እሽቅድምድም የሚነዳው ጂም ዳውኒንግ በ1980ዎቹ የሠሩት ነው። ብዙ ነጂዎች ይከብደናል፣ ይጨንቀናል ብለው አያደርጉትም ነበር። የአሜሪካው የመኪና እሽቅድምድም ድርጅት ናስካር የአንገት መከላከያ ግዴታ ያደረገው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው፣ ፎርሙላ ዋን በ2003። ሃንስ የሚሠራው የትከሻ ማሰሪያዎቹ ከላይ ሲይዙት ስለሆነ ከፋብሪካው ቀበቶ ጋር አይሆንም። ሃርነስ ያለ ሃንስ ደግሞ እኔ አልቀመጥበትም።

ገንዘብ ያዥ፦
ጥሩ፣ እንግዲህ ብሩን እኔ ልቁጠር። ሮል ባር፣ ወንበር፣ ባለ ስድስት ሃርነስና ሃንስ ሲደመሩ ለአንድ ሰው ሁለት ሺህ ዶላርን በቀላሉ ያልፋሉ። ለአንድ ሰው ማለቴን ልብ በሉ። የፖርሽና የቢ ኤም ደብሊው ክለቦች እዚህ አሜሪካ በሚያዘጋጁት የማሠልጠኛ ቀን፣ ነጂውና አሠልጣኙ እኩል መታሰር አለባቸው። ነጂው በባለ ስድስት ተጠፍሮ አሠልጣኙ በፋብሪካው ቀበቶ አይቀመጥም። ነገሩም ፍትሕ ነው፣ ሰውየው ሕይወቱን ሰጥቶህ ነው አጠገብህ የሚቀመጠው። ስለዚህ ወንበሩም ሃርነሱም እጥፍ ይሁን።

ካዝናችን ይህን አይችልም። ሳይነገር የማልፈው ሌላም አለ። ማኅበሩ ገዝቶ ያከፋፈለው ዕቃ ሰው ቢጎዳ ጥያቄው ወደ ማኅበሩ ነው የሚመጣው። የተሟላውን የሚፈልጉ አባላት ግን ለብቻቸው ዕቁብ ቢጥሉ እኔ እሰበስባለሁ። ዕጣ የደረሰው በራሱ ስም ይገዛል።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። ቢ አር ዜዷ የምሥራባት መኪናም ናት። እንግዲህ ምንም አላድርግ ማለት ነው?

ባለ ጋራዥ፦
የለም፣ የምታደርገው አለ፣ ደግሞ በነጻ። ወንበርህን አንድ ሁለት ጥርስ ወደ ኋላ ውሰድ። ቀበቶውን እሰር፣ የወገቡን ወደ ዳሌህ ዝቅ አድርገህ አጥብቀው። ከዚያ የትከሻውን በድንገት ሳብ አድርገው፣ ይቆልፋል። እንደተቆለፈ ሳትለቀው ወንበሩን ወደ ቦታው መልሰው። ቀበቶው ሰውነትህ ላይ ይጣበቃል። ስትጨርስ ፍሬንና ፍሪሲዮን እስከ ታች መድረስህን አረጋግጥ። ሲጂ ሎክ የሚባል የወገቡን ክፍል እንደጠበቀ የሚይዝ ትንሽ ዕቃም አለ፣ ውድ አይደለም። ለጀማሪ የፋብሪካው ቀበቶ ከኤርባጉ ጋር ተሰናድቶ የተሠራ ነው፣ አትናቀው።

ሃርነስ ብታስገባም የፋብሪካውን ቀበቶ አትንቀል። ወደ ሥራ የምትሄደው በሱ ነው። በሃርነስ ተጠፍሮ መንገድ ላይ ትከሻህን ዞር ብለህ ማየት አይቻልም።

ጸሐፊ፦
እስካሁን ከተባለው የቀረጽኩት ረቂቅ ይኸው፦

«ማኅበሩ ሃርነስ በጅምላ አይገዛም። አባል ወይ የፋብሪካውን ቀበቶ ይዞ ይነዳል፣ ወይ የተሟላውን ያስገባል፣ መሀል የለም። የተሟላ ማለት ሮል ባር፣ የትከሻና የእግር ማሰሪያ ቀዳዳ ያለው ወንበር፣ ባለ ስድስት ሃርነስና ሃንስ ነው፣ ለሁለቱም ወንበር። አምራቹ ለመኪናው የፈቀደው ባለ አራት ካለ በተናጠል ይታያል። ፈቃደኞች ዕቁብ ይጥላሉ።»

የሚታረም ካለ በሉ።

ባለ ጋራዥ፦
ፍተሻ ጨምርበት። ከትራኩ በፊት ባለው ቅዳሜ ጋራዤ ክፍት ነው፣ ሃርነስ ያለው ሁሉ ይምጣ። የማየው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ ቡሎኑ። ወለሉ ላይ የገባው ቡሎን ከሥሩ ወፍራም ላሜራ ይኑረው። ቀጭኑን ወለል ብቻ በሮንዴላ ይዞ ዳዶ ማጥበቅ ሲጋጭ ወለሉን ቦጭቆ ይወጣል።

ሁለተኛ ሦስት ብረት ያለው ማጥበቂያ። ቀበቶው በማሰሪያው ዞሮ ሲመጣ በማጥበቂያው ያልፋል፣ ከዚያ ጫፉ እንደገና በመጨረሻው ብረት ላይ ተመልሶ መግባት አለበት። ያ መልሶ መግባት ከቀረ በእጅ ስትስበው የያዘ ይመስላል፣ በግጭት ግን እየተንሸራተተ ይወጣል። ትርፉ ጫፍም አራት ጣት ያህል ይቁም።

ሦስተኛ መለያው ላይ ያለው ቀን። የአሜሪካው የደኅንነት ደረጃ ኤስ ኤፍ አይ 16.1 ከሆነ ወሩና ዓመቱ ተበስቶ ታገኙታላችሁ፣ ከተሠራ ሁለት ዓመት ያገለግላል። የዓለም አቀፉ የመኪና ፌዴሬሽን የኤፍ አይ ኤው የሚያልቅበት ዓመት ራሱ ታትሞበታል። ቀኑ ያለፈ አላሳልፍም፣ ማንም ይሁን።

ባለ ሚያታ፦
ያገለገለ ሃርነስ ከማያውቁት ሰው መግዛት የለም የሚልም ይግባ። አንድ ጊዜ የተጋጨ ቀበቶ ተስቦ ተዘርግቷል፣ በዓይን ላይታይ ይችላል። ፀሐይ የበላውም እንደዚያው ነው።

ባለ 86፦
እኔ ሐሳቤን አነሳለሁ፣ ረቂቁን እደግፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለኮሚቴው ጻፉልኝ። ለሃርነስ ቅድሚያ ሊከፈል የታሰበው ገንዘብ ለጀማሪዎች የሚዋስ ሄልሜት ይግዛ። ባለፈው ሁለት ልጆች ሄልሜት አጥተው ቀኑን ሙሉ ሲያዩን ዋሉ።

ገንዘብ ያዥ፦
ይሄን እችላለሁ። መለያቸው አዲስ የሆነ፣ ከመካከለኛ እስከ ትልቅ መጠን። ላብ ያለበት ሄልሜት ማጠብ ግን የእኔ ሥራ አይደለም።

ጸሐፊ፦
ፍተሻው፣ ያገለገለ ቀበቶ ክልከላውና ሄልሜቱ ገብተዋል። እስከ እሁድ ማታ ተቃውሞ ካልመጣ ሰኞ ለኮሚቴው እልከዋለሁ። ዕቁቡ ውስጥ የምትገቡ ስማችሁን ለገንዘብ ያዥ ላኩ። ቅዳሜ ጋሼ ጋ የምትሄዱ የሃርነሱን መመሪያ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ አለበለዚያ ይመልሷችኋል።