ሃያ ጎረምሳ ከሃያ ጎልማሳ

አድሚን፦ ሰላም ለቤቱ። ቅዳሜ ታዳጊዎቹ ከትልልቆቹ ጋር ሲጋጠሙ ሜዳ ላይ የጀመርነው ጭቅጭቅ ካናዳ፣ ካልጋሪ ድረስ ሄዶ ተመልሷል። የአክስቴ ልጅ እዚያ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። በምሳ ሰዓት ሰው የሚከራከረው በሆኪ ነው። የሰሞኑ ጥያቄያቸው ይኼ ነው፦ ከ20 ዓመት በታች ያሉ የካናዳ ምርጥ ልጆች አንድ ላይ ቢሰለፉ የኤንኤችኤልን ደካማ ቡድን ይረታሉ ወይስ አይረቱም? ኤንኤችኤል ማለት የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የፕሮፌሽናል ሆኪ ሊግ ነው። የኛም ጥያቄ ከዚህ አይርቅም። የሱሉልታ ታዳጊዎቻችን በትልልቆቹ ዋንጫ ይመዝገቡ ወይስ ይቅር? ሁለቱንም እዚሁ ጻፉ። ስድብ የለም። ቮይስም አትላኩ፣ ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ።

ኮች፦ ይመዝገቡ! ሆኪውንም ልጆቹ ይወስዱታል። ልጅ አይደክምም፣ ስምም አይፈራም። ትልልቆቹ ከእረፍት በኋላ ወገባቸውን ይዘው ሲቆሙ አላያችሁም?

ጫኙ፦ ወገቤን የያዝኩት ታኬታዬን አስሬ ስነሳ ነው። ደግሞ 4 ለ1 ነው ያሸነፍነው፣ እሱን ለምን ትዘላለህ?

ባለሱቋ፦ የኔ ልጅ ትከሻው አብጦ ነው የገባው። ማታ በሙቅ ውኃ ስይዝለት አመሸሁ። ኮች፣ አንተ ስለ ድል ታወራለህ።

አድሚን፦ ላላያችሁ ልንገራችሁ። ዝናብ ያደረበት ሜዳ ነው። ላሞቹ ከማዕዘኑ ገና አልወጡም። ቀጭኑ ልጅ፣ ግራኙ፣ ሦስት ሰው ሸውዶ ገባ። የሚያምር ነገር ነበር፣ እኔ ራሴ ጮኬአለሁ። አራተኛው ጫኛችን ነው። እግሩን አልዘረጋም፣ እጁን አላነሳም። ዝም ብሎ ቆመ። ልጁ ደረቱ ላይ ነጥሮ ተመለሰ። ኳሷ ወጣች። የልጁ አንድ ጫማ ጭቃው ውስጥ ተተክሎ ቀረ። ዳኛው «ቀጥሉ» አለ። ልክ ነበር።

የካልጋሪው፦ በሆኪ እንደዚያ ያደረገ ሰው ይጨበጨብለታል። እዚህ በትከሻ መግጨት የጨዋታው አካል ነው። ፓኳን የያዘውን ሰው ከዳር ግድግዳው ጋር ብታጣብቀው ፋውል የለም፣ ሕጉን እስከጠበቅክ ድረስ። ፓክ ማለት ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ነች፣ ኳሳቸው እሷ ናት። ሰዎቹ ደግሞ በበረዶ ላይ ነው የሚንሸራተቱት። ጫኛችሁን ጫማ ላይ ስለት ገጥማችሁ አስቡት።

ጫኙ፦ ህዳር ላይ የኛ ሜዳ ውርጭ ሲይዝ ያለ ስለትም ሞክሬዋለሁ።

ጋሼ፦ ልጆች፣ ይኼ ሆኪ የምትሉት የኛው ገና ነው እኮ። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ አንዲት ሩር፣ ሁለት ወገን። እኛ ስንጫወት ዕድሜ አይለይም ነበር። ትልቁም ትንሹም ይገባል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው እኮ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢመታ ዝም ይባላል ለማለት ነው። እኔ ልጅ ሆኜ የገዛ አጎቴን ቁርጭምጭሚት መትቼ አውቃለሁ። ሲያነክስ ከረመ።

ኮች፦ አያችሁ! ጋሼ ከኔ ጋር ናቸው።

ጋሼ፦ አልጨረስኩም። የመታሁት አንድ ጊዜ ነው። ጨዋታውን የወሰዱት ግን ትልልቆቹ ናቸው። ሁልጊዜም እነሱ።

ሯጩ፦ እኔ ከኮች ጋር ነኝ። የምለማመደው ቀነኒሳ እዚሁ ባሠራው መም አካባቢ ስለሆነ ምሳሌዬም እሱ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። በ2001 ኦስተንድ ላይ የዓለም አገር አቋራጭ ሲካሄድ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። የወጣቶቹን ውድድር አሸነፈ። በዚያው ሻምፒዮና በአዋቂዎቹ አጭር ርቀት 2ኛ ወጣ። ጥሩነሽስ? በ2003 ሎዛን ላይ የወጣቶችን አገር አቋራጭ ወሰደች። በዚያው ክረምት ፓሪስ ላይ የአዋቂዎቹን 5,000 ሜትር አሸንፋ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። 20 ዓመት አልሞላትም። ታዲያ ልጅ አይችልም የሚባለው ከየት የመጣ ነው?

አድሚን፦ ጥሩ ተናገርክ። ግን ጥሩነሽ ስትሮጥ ማንም ደረቱን ገትሮ አልቆመባትም። ክርን ይኖራል፣ ያንን አንተ ታውቀዋለህ። ቢሆንም ሩጫ ላይ ልጁ የሚያስፈልገው ሳንባና እግር ነው። ደግሞ አንድ ሰው ነው የሚሮጠው። ከኋላው የሚሳሳት ተከላካይ የለም፣ የሚደነግጥ በረኛ የለም።

የካልጋሪው፦ እኔም ወደዚያ ነው የምመጣው። አንድ ልጅ ይችላል፣ ማንም አይክድም። ካናዳዊው ሲድኒ ክሮዝቢ በ18 ዓመቱ በ2005 የኤንኤችኤሉ ቡድን ፒትስበርግ ገባ። በመጀመሪያ የውድድር ዓመቱ ጎልና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ 102 ነጥብ ሆነለት። ከትልልቆቹ ጋር ነው ይኼ። ቡድኑ ግን ከ82 ጨዋታ ያሸነፈው 22 ብቻ ነው። ከምሥራቁ ምድብ የመጨረሻ ሆነ። አንድ ተአምረኛ ልጅ ይዘህ እንኳ ጭራ ትሆናለህ።

አሁን ሌላውን እዩ። ሌላው ካናዳዊ ኮኖር ቤዳርድ በ2023 የወጣቶች፣ ማለትም ከ20 ዓመት በታች፣ የሆኪ የዓለም ሻምፒዮና ላይ በ7 ጨዋታ 23 ነጥብ ሠራ። በአንድ ጨዋታ ከሦስት በላይ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኤንኤችኤል ገባ። በ68 ጨዋታ 61 ነጥብ። በጣም ጥሩ ነው፣ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም ተባለ። ግን በአንድ ጨዋታ አንድ እንኳ አልሞላም። መሀል ላይ ደግሞ በአንድ ግጭት መንጋጋው ተሰብሮ 14 ጨዋታ አለፈው። ያው ልጅ ነው፣ ያው ዱላ ነው። ፊት ለፊቱ የቆሙት ሰዎች ናቸው የተቀየሩት።

ባለሱቋ፦ መንጋጋ! ኮች፣ አነበብክ?

ኮች፦ እትዬ፣ አነበብኩ። እኔ ግን ስለ አንድ ልጅ አላወራሁም። በ2005 የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና ላይ የካናዳ ቡድን ስድስት ጨዋታ ተጫውቶ ስድስቱንም አሸነፈ። 41 አግብቶ 7 ብቻ ነው የገባበት። ፍጻሜውን ሩሲያን 6 ለ1። ክሮዝቢ፣ በርዤሮን፣ ጌትዝላፍ፣ ፔሪ፣ ዌበር፣ ሁሉም በአንድ መለያ። ኋላ የሊጉ ትልልቅ ስሞች የሆኑት እነሱ ናቸው። እንዲህ ያለ ቡድን ደካማ የፕሮፌሽናል ቡድን አያሸንፍም ነው የምትሉኝ?

አድሚን፦ ኮች ጉግል ከፍቶ ነው የመጣው፣ አከብረዋለሁ። ግን «ኋላ» የምትለዋን ቃል ደግመህ አንብባት። እነዚያን 41 ጎሎች ያገባው በእኩዮቹ ላይ ነው። በረኛው ልጅ፣ ተከላካዩ ልጅ። ኋላ የሆኑትን ሰዎች ወደ ኋላ ወስደን ማሰለፍ አንችልም።

የካልጋሪው፦ በዚያ ዓመት ደግሞ ኤንኤችኤል በባለቤቶቹና በተጫዋቾቹ ጠብ ተዘግቶ ነበር። በርዤሮን ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ከትልልቆቹ ጋር ተጫውቷል። ሊጉ ክፍት ቢሆን ኖሮ የወጣቶቹ ሻምፒዮና ላይ መገኘቱ ያጠራጥራል።

ኮች፦ እሺ፣ 2016ስ? ቶሮንቶ ላይ የሆኪ የዓለም ዋንጫ ሲደረግ ከ23 ዓመት በታች የሆኑ የካናዳና የአሜሪካ ልጆችን አንድ ቡድን አድርገው ከአገሮች ጋር አጫወቷቸው። ፊንላንድን 4 ለ1። ስዊድንን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ3። በሩሲያ ብቻ 4 ለ3 ተሸነፉ። ወደ ግማሽ ፍጻሜ አላለፉም፣ ግን ያዋረዳቸው የለም።

የካልጋሪው፦ እሱን የመሰለ ፈጣን ሆኪ ትንሽ ነው ያየሁት፣ እውነቴን ነው። ግን እነዚያ አብዛኞቹ ኤንኤችኤል ውስጥ ደሞዝ የሚበሉ ነበሩ። ከሰዎች ጋር እየተጋጩ ዓመት ሁለት ዓመት የቆዩ። በ19 እና በ22 መካከል ያለው ሦስት ዓመት ቀላል አይደለም። በሆኪ ሰው የሚሠራው እዚያ ውስጥ ነው።

ጫኙ፦ እኔ ሆኪ አላውቅም። ሊቨርፑልን ግን አውቃለሁ። ታኅሣሥ 2019 ዋናው ቡድን ለክለቦች ዓለም ዋንጫ ኳታር ሄዶ፣ ልጆቹን ለሊግ ካፕ አስቶን ቪላ ሜዳ ላኳቸው። አካዳሚው ስንት ገንዘብ የፈሰሰበት ነው። ልጆቹ ጥሩ ተጫወቱ፣ ኳስ ያዙ፣ ሞከሩ። 5 ለ0። ቪላ ያን ጊዜ ላለመውረድ የሚታገል ቡድን ነበር። በዚያ ማታ ቡና ቤቱ ውስጥ እኔ ነኝ ያላለቀስኩት፣ የአርሰናል ደጋፊ ስለሆንኩ።

ሯጩ፦ ከሁለት ወር በኋላ ግን ልጆቹ ሽሩውስበሪን 1 ለ0 አሸንፈዋል። እሱን ለምን አትጽፍም?

ጫኙ፦ ሽሩውስበሪ ያን ጊዜ ሦስተኛ ሊግ ነበር ወንድሜ። ጎሉንም በራሳቸው ላይ ያገቡት እነሱ ናቸው።

አድሚን፦ እዚህ ላይ እኔ ወገን ልያዝ። ሁላችንም «ደካማ ቡድን» ስንል የተሳሳትን ይመስለኛል። የመጨረሻው የኤንኤችኤል ቡድን በአራተኛው፣ በመጨረሻው የአጥቂዎች ተራ የሚገባው ሰውዬ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው፣ እሱም በ18 ዓመቱ የከተማው ኮከብ ነበር። ከዚያ ከመቶ ኮከብ ውስጥ ተበጥሮ የቀረ ነው። ልጆቹ የሚገጥሙት የተረፉትን ነው። አንድ ልጅ ከነሱ መሀል ሊገባ ይችላል፣ ዙሪያውን ትልልቆቹ ይሸፍኑለታል። 20 ልጅ አንድ ላይ ስታስገባ ግን ማን ማንን ይሸፍናል? አንድ ማታ ሊሆንላቸው ይችላል። ሙሉ የውድድር ዓመት ግን አይሆንም። በስንተኛው ጨዋታ እንደሚሰበሩ ነው የማላውቀው።

የካልጋሪው፦ በረኛውን ደግሞ ረሳችሁት። አጥቂ በ18 ዓመቱ ሊገባ ይችላል። በረኛ ግን በአብዛኛው በኤንኤችኤል ቡድን ከተመረጠ በኋላ በታችኞቹ ሊጎች ዓመታት ይቆያል። ቦታ አያያዝ፣ ትዕግስት፣ አንድ ሲገባብህ አለመፍረስ። እሱ ቶሎ አይመጣም። እዚህ የካናዳ ልጆች ለወጣቶቹ ሻምፒዮና ሲዘጋጁ ብዙ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምርጥ ጋር ገጥመዋል። ተማሪዎቹ ለኤንኤችኤል ያልደረሱ ሰዎች ናቸው፣ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ይበልጧቸዋል። ያ ብቻ ጨዋታውን ከባድ ያደርገዋል፣ ተማሪዎቹ ያሸነፉበትም ቀን አለ።

ባለሱቋ፦ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከትልልቆቹ ጋር ይግቡ የተባሉት ልጆች ውስጥ ጠዋት ፂሙን ተላጭቶ የሚመጣ አለ። እሱ ይመዝገብ። የኔ ልጅ ግን 16 ነው፣ የክትባት ካርዱ ቤት አለ።

ጋሼ፦ እሷ ያለችው ልክ ነው። ሁለቱን መርጣችሁ ከትልልቆቹ ጋር ቀላቅሏቸው። ግራኙን በተለይ። እንዲያ ነው እኛም የተማርነው፣ ከአጎቶቻችን መሀል ቆመን። ልጆቹን ብቻ ሰብስቦ ለትልልቆቹ መስጠት ግን ምን ይሉታል?

ኮች፦ ጋሼ፣ እርስዎን አልከራከርም። ግራኙንና አንድ ልጅ እሰጣለሁ። የተቀሩት ግን ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንደገና ይጋጠማሉ፣ ለልምምድ። ላሞቹን ቀድሞ የሚያስወጣ ሰው ይመደብ።

ጫኙ፦ እኔ አለሁ። ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።

ኮች፦ አንድ ነገር ብቻ። በረኛችሁን ለዚያ ቀን አበድሩን።