አምላክ የለም የሚል ሰው ቃሉ ይታመናል?

ጠያቂ፦ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1689 እ.ኤ.አ. ስለ መቻቻል ሲጽፍ አምላክ የለም ባዮችን ለይቶ አስወጥቷል፤ ቃል ኪዳንም መሐላም አይዛቸውም ብሎ። ክርክሩ ያስኬዳል?

መላሽ 1፦ ሁለት ጥያቄ ተደባልቋል። «ስርቆት ለምን ክፉ ሆነ?» አንድ ነው፤ «ማንም ሳያየው ሰው ለምን አይሰርቅም?» ሌላ። ሎክ የሚነካው ሁለተኛውን ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ፈረንሳዊው ፈላስፋ ፒየር ቤይል ሎክ ከመጻፉ በፊት፣ በ1682፣ አዳክሞታል፦ ሰውን የሚነዳው የሚያምነው ሳይሆን ጠባዩ፣ ልማዱና የስሙ ነገር ነው።

መላሽ 2፦ የእንግሊዝን ፓርላማ ተመልከቱ። አምላክ የለም ባዩ ቻርለስ ብራድሎ በ1880 ተመረጠ። በመሐላ ፈንታ አምላክን ሳልጠራ ቃሌን ልስጥ ቢል ተከለከለ፤ እሺ ልማል ሲል ደግሞ ያንተ መሐላ ዋጋ የለውም ተባለ። ወንበሩን በመጨረሻ ያጸናው በ1886 ነው፤ ያለ መሐላ ቃል መስጠትን የፈቀደው ሕግ በ1888 ወጣ። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ የመሐላው ማጣሪያ የሚይዘው አላምንም ብሎ እውነቱን የተናገረውን ነው። ዋሾ ከሐዲ ምሎ ያልፋል።

መላሽ 1፦ ልክ። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን አልተነካም፦ መልካም የሆነው አምላክ ስላዘዘው ነው ወይስ መልካም ስለሆነ አዘዘው? «ስላዘዘው» ካልን፣ ጭካኔን ቢያዝስ? «መልካም ስለሆነ» ካልን መለኪያው ከትእዛዙ ይቀድማል። ብዙ የሃይማኖት ሊቃውንት መለኪያው የራሱ የአምላክ ባሕርይ ነው ብለው ያመልጣሉ፤ ከመልሶቹ ጠንካራው ይሄ ይመስለኛል።