ለጉዞ የምትሆን ቀላል የልጅ ጋሪ፦ የቷን ልያዝ?

የማሙሽ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከባሌና ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ረጅም ጉዞ ልንሄድ ነው። መጀመሪያ አውሮፕላን፣ መሀል ላይ ትራንዚት፣ ከዚያ ባቡር። የምናርፍበት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ትልቋ 5 ዓመቷ ነው፤ ማሙሽ ደግሞ ገና ዓመት ከሁለት ወሩ።

ያለን ጋሪ ለሰፈር ሽርሽር አንደኛ ነው። ትልልቅ ጎማ አለው፣ ልጁም ይመቸዋል። ግን 13 ኪሎ ነው። ሲታጠፍ ብቻውን የመኪናውን ዕቃ መጫኛ ይሞላል። እሱን ተሸክሞ ሦስት ፎቅ መውጣት የማይታሰብ ነው።

ባሌ «አንዷን እንደ ጃንጥላ የምትታጠፍ ርካሽ ጃንጥላ ጋሪ ግዢና እንገላገል፤ ብትሰበርም አንጨነቅባትም» ይላል። የኔ ዓይን ያረፈው ግን አውሮፕላን ውስጥ፣ ከላይ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ትገባለች በሚሏት ዓይነት ላይ ነው። ዋጋዋ ያስደነግጣል። እውነት ልዩነት አላት ወይስ ማስታወቂያ ነው? ኪሎዋስ ከስንት ባይበልጥ ይሻላል?

አንድ ነገር ልጨምር፦ ማሙሽ በእንቅልፉ ቀልድ አያውቅም። ቀን ካልተኛ ማታ ቤተሰቡ በሙሉ ቁጭ ብሎ ያድራል። የተጠቀማችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ነገር በአጭሩ፦

ባልሽ ልክ ነው። እኛ ጃንጥላዋን ይዘን ብዙ ቦታ ዞረናል። ቀላል ናት፣ የትም ብታስቀምጫት አታሳስብሽም። ችግሩ፣ ብዙዎቹ ርካሾች መደገፊያቸው ወደ ኋላ አይልም። ልጅሽ ቀን የሚተኛ ከሆነ ወደ ኋላ የምትለዋን ፈልጊ። አለበለዚያ አንገቱ እየተደፋ ነው የሚያንቀላፋው።

አባት በመንገድ፦

እህቴ፣ ሥራዬ ስለሚያዟዙረኝና ቤተሰቤንም ይዤ ስለምሄድ ትንሽ ላስረዝምብሽ።

የባልሽን ሐሳብ አልንቅም። ጃንጥላ ጋሪን የፈጠረው ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው። የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን ጎማ የሚታጠፍበትን ክፍል በመንደፍ የሠራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ፓተንት ያወጣባት ጋሪ አሉሚኒየም ነበረች፤ 3 ኪሎ እንኳ አትሞላም። ስለዚህ ነገሩ ከመነሻውም የቀልድ ዕቃ አይደለም።

ግን ጃንጥላ ጋሪ ስትታጠፍ ትቀጥናለች እንጂ አታጥርም። አንድ ሜትር ገደማ ዱላ ነው የምትሆነው። ስለዚህ ካቢን ውስጥ አትገባም፤ አውሮፕላኑ በር ላይ ታስረክቢያታለሽ። ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ነው። ታግ ያስሩባታል፣ «ስትወርዱ በር ላይ ትጠብቃችኋለች» ይሉሻል። አንዳንዴ እውነት ነው። አንድ ጊዜ ግን ትራንዚት ላይ ወርደን በር ላይ ቆመን ቀረን። ጋሪዋ ከሻንጣዎቹ ጋር በቀጥታ ወደ መጨረሻው ኤርፖርት እየሄደች ነበር። ልጄ ትከሻዬ ላይ ተኝቷል፣ ባለቤቴ ሁለት ቦርሳ ይዛለች፣ የሚቀጥለው በር ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። እዚያ ኮሪደር ላይ የወጣኝን ላብ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ስታስረክቢ ቁርጡን ጠይቂ፦ «ትራንዚት ላይ ነው የምትሰጡኝ ወይስ መጨረሻ ላይ?» ታጉ ላይ የተጻፈውን መድረሻም ራስሽ አንብቢው።

ካቢን ይገባሉ ወደሚባሉት ስንመጣ ዮዮ የምትባለው በጣም ታዋቂ ናት። ታጥፋ 52 በ44 በ18 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ክብደቷ ከ6 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። የዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር፣ አያታ፣ ለእጅ ሻንጣ በመመሪያነት የሚጠቅሰው ልክ 56 በ45 በ25 ነው። በዚህ ከሄድን ትገባለች። ግን ያ መመሪያ እንጂ ግዴታ አይደለም። 55 በ40 በ20 የሚሉ አየር መንገዶች ሞልተዋል። በነሱ ሂሳብ የዮዮ 44 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ቡጋቡ በተርፍላይ የምትባለው ጋሪም 7.3 ኪሎ ሆና 54 በ45 በ23 ነው የምትታጠፈው፤ እሷም በአያታ ልክ ትገባለች፣ በነሱ ልክ ግን አታልፍም። ካርቶኑ ላይ «ካቢን ትገባለች» ተብሎ መጻፉ ዋስትና አይሆንሽም። የምትሄጂበትን አየር መንገድ ልክ አይተሽ ከጋሪዋ ልክ ጋር አስተያዪ። በትንንሽ አውሮፕላኖች ደግሞ ልኩ ቢስማማም ማስቀመጫው ራሱ ይጠባል።

ከሁሉም ትንሿ ፖኪት ናት። የመጀመሪያዋ ሞዴል ታጥፋ 35 በ30 በ18 ሳንቲ ሜትር ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በጊነስ መዝገብ በትንሹ የምትታጠፍ ጋሪ ተብላ ተመዝግባለች። ክብደቷ 4 ኪሎ ምናምን። እሷን የሚመልስ የእጅ ሻንጣ ልክ ማግኘት ይከብዳል። ግን የዚያች ሞዴል መደገፊያ ወደ ኋላ አይልም። ለማሙሽ ያንቺው ፍርድ ነው፤ እኔ ብሆን አልገዛትም።

አሁን ወደ ኪሎው። ሰው ሁሉ ኪሎ ይጠይቃል። በ5 እና በ7 ኪሎ መካከል ያለውን ልዩነት ደረጃ ላይ ታውቂዋለሽ፣ ሌላ ቦታ ግን ብዙም አይሰማሽም። የሚሰማሽ አተጣጠፏ ነው። ፍተሻው ጋ ስትደርሺ ልጁ ከጋሪው ይወጣል፣ ጋሪዋም ታጥፋ ወደ ኤክስሬዩ ትገባለች። ከኋላሽ ሰው ተሰልፏል። አንዱ ጫማ ያወልቃል፣ ሌላው ቀበቶ ይፈታል። ማሙሽን በአንድ ክንድ አቅፈሽ ጎንበስ ስትዪ ፀጉርሽን ይጨብጣል። ከጋሪዋ ሥር ያለው ቅርጫት ውስጥ አንዲት የውሃ ኮዳ ተረስታ ከሆነ ደግሞ እምቢ ትላለች፤ ግማሽ ላይ ታጥፋ ቀጥ። ሁለት እጅና አንድ እግር የምትጠይቅ ጋሪ እዚያ ቦታ ላይ ታዋርድሻለች።

ስለዚህ ሱቅ ስትሄጂ ማሙሽን ይዘሽ ሂጂ። ሻጩ ሲያጥፋት አትዪ። እሱ እጁ ባዶ ነው፣ በቀን ሃያ ጊዜ ነው የሚያጥፋት። አንቺ ልጁን በግራሽ አቅፈሽ በቀኝሽ እጠፊያት፣ ከዚያ ዘርጊያት። ስትታጠፍ ራሷን ችላ የምትቆም ከሆነች፣ ትከሻ ላይ የምትንጠለጠልበት ማንገቻም ካላት፣ ሦስተኛ ፎቅሽ ቀለለ ማለት ነው።

ጎማዋን በተመለከተ፦ ትንንሽና ደረቅ ናቸው፤ ለለስላሳ ወለል ነው የተሠሩት። የድንጋይ ንጣፍ ላይ ልጁም አንቺም ትንቀጠቀጣላችሁ። ሞላ ያላቸው ትንሽ ይሻላሉ፣ ተአምር ግን አትጠብቂ። ሲብስብሽ እጀታውን ወደ ታች ጫን አድርገሽ የፊቱን ጎማ አንሺና በኋለኛው ጎትቻት። ባቡር ላይ ስትወጪም ፊትሽን ወደ ፌርማታው አዙረሽ፣ የኋላ ጎማዋን አስቀድመሽ አስገቢ። የፊቱ ጎማ ትንሽ ስለሆነ የባቡሩና የፌርማታው ክፍተት ውስጥ ይሰነቀራል።

አዝዬ እሄዳለሁ፦

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ማዘያ ይበቃል። ደረጃ የለ፣ ታግ የለ፣ ጎማ የለ። እጅሽም ነፃ ነው። እኔ ልጄን ጋሪ ሳልገዛ ነው ያሳደግኳት።

የማሙሽ እናት፦

@አዝዬ እሄዳለሁ፦ ማሙሽ 11 ኪሎ ነው እኮ! ከወለድኩት ወዲህ ወገቤ እንደ ድሮው አይደለም። ግማሽ ሰዓት አዝዬው ከቆየሁ ማታ ቀና ማለት አልችልም።

@አባት በመንገድ፦ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ። ባሌም አነበበው። «ስፒትፋየር» የሚለውን አይቶ ያሸነፈ መስሎታል። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ጓደኛዬ የልጇን ጋሪ ላውስሽ ብላኛለች። ከነዚህ በትንሹ ከሚታጠፉት ናት፤ ሁለት ልጅ አድጎባታል። ምኗን ልይ? ሁለተኛ፣ ባሌ ረጅም ነው። እዚህ ቤት ያለውን ሲገፋ እንኳ ጎንበስ ይላል።

አባት በመንገድ፦

ማዘያውንም ያዢ። ኤርፖርት ውስጥ ባልሽ ይዘለው፣ ጋሪዋ ደግሞ ለከተማው ትሁን። ረጅም ሰው ላይ የሚያስቸግረው የእጀታው ከፍታ ብቻ አይደለም። ጋሪዎቹ አጭር ስለሆኑ ሲራመድ የእግሩ ጣት የኋላውን ዘንግ ይመታል። አስር እርምጃ ያህል በፈጣን አረማመድ ይግፋት፣ ወዲያው ያውቀዋል። የአንዳንዶቹ እጀታ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ብዙዎቹ ትንንሾች ግን አይሉም።

የመንትዮቹ አያት፦

ልጄ፣ እኔ ጋሪ ስገፋ ብዙ ዘመኔ ነው፤ አሁን የልጅ ልጆቼን እየገፋሁ ነው። የተዋስሽውን ጋሪ እንዲህ አድርገሽ እዪው። መጀመሪያ ዘርጊውና መቆለፊያው ቀጭ ማለቱን ስሚ። ከዚያ ባዶውን እጀታውን ይዘሽ ወደ ታች ጫን፣ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጊው። የመታጠፍ ምልክት ካሳየ ለባለቤቱ መልሺው። ፍሬኑን ያዢና ዳገት ላይ ግፊው። ቀበቶው አምስቱም ጫፍ መኖር አለበት፤ ሁለቱ በትከሻ፣ ሁለቱ በወገብ፣ አንዱ በእግሮቹ መካከል። ብዙ ጊዜ የሚላላው የመካከሉ መቆለፊያ ነው። ቆልፈሽ በኃይል ጎትቺው።

ትልቋ ልጅሽ 5 ዓመቷ ነው አልሽ? እሷ ናት የምታሳስበኝ። በዚያ ዕድሜ ማገዝ ይወዳሉ፣ «እኔ ልዘርጋው» ይላሉ። ማጠፊያው ላይ ጣት ይገባል። ተረት እንዳይመስልሽ፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ሚሊዮን ያህል የማክላረን ጋሪዎች በዚሁ ምክንያት የማስተካከያ ጥሪ ተደርጎባቸዋል። ማጠፊያው የልጆችን የጣት ጫፍ ቆርጦ ነበር። ለባለቤቶቹ ማጠፊያውን የሚሸፍን ጨርቅ ታደለ። ስለዚህ አሮጌ ጋሪ በውሰት ስትወስጂ ከሥሩ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር አንብበሽ ጥሪ ወጥቶበት እንደሆነ ኢንተርኔት ላይ ፈልጊ። ስትዘረጊም ስታጥፊም ልጆቹ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ትልቋ ቦርሳ ትያዝልሽ፣ ሥራ ይሆናታል።

ሌላው፣ እጀታው ላይ ቦርሳ አታንጠልጥዪ። ቀላል ጋሪ ነው። ልጁ ተቀምጦ ሳለ ሚዛኑን ይጠብቅ ይሆናል፤ ልጁን ብድግ ስታደርጊው ጋሪው ከነቦርሳው ወደ ኋላ ይገለበጣል። ልጁ ውስጡ እያለ የሚገለበጥበትም ጊዜ አለ። ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ጋሪውን በነጠላም በፎጣም ሙሉ በሙሉ አትሸፍኚው። ውስጡ አየር ያጣና ይታፈናል፤ ሙቀቱ ከውጭው ይብሳል፣ አንቺም ልጁን አታዪውም። መከለያው ረዘም ያለና በላዩ ማያ መስኮት ያለው ቢሆን ይሻላል።

የማሙሽ እናት፦

እማማ፣ ይክበሩልኝ። የጣቱን ነገር ሳነብ ዘገነነኝ። ልጄ እኮ ትናንት ቤት ያለውን ጋሪ ለማጠፍ ስትታገል ነበር! የጓደኛዬን ጋሪ ነገ እንደነገሩኝ አድርጌ አየዋለሁ። ለክቼዋለሁ፤ ጠባቡ ጎኑ ራሱ ከአየር መንገዳችን ልክ በ3 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። በር ላይ ማስረከቤ አይቀርም ማለት ነው። ሰው ዕቃ ስለሆነ ፈራሁ፤ ተሰብሮ ቢመጣስ?

አባት በመንገድ፦

ከረጢት ካለው በከረጢቱ አስረክቢው። ከሌለው ጠንካራ ማሰሪያ ግዢና ዙሪያውን እሰሪው፤ ሲወረወር እንዳይዘረጋ። የሚነቀል ነገር ሁሉ ይጠፋል፦ ከፊት ያለውን መያዣ ዘንግ፣ የዝናብ ላስቲኩን፣ የኮዳ ማስቀመጫውን ነቅለሽ በእጅ ቦርሳሽ ያዢ። ስምሽንና ስልክሽን ጽፈሽ ፍሬሙ ላይ ለጥፊ። ልታስረክቢ ስትይ ከሁሉም አቅጣጫ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ታጉ እየታየ።

ስትቀበዪ እዚያው ዘርግተሽ ግፊው። ጎማው ከተጣመመ ወይም ፍሬሙ ከተሰነጠቀ ከኤርፖርቱ ሳትወጪ የሻንጣ ጉዳይ ክፍል ሄደሽ አስመዝግቢ፤ የጉዳት ወረቀት ይሰጡሻል። የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት የሚደነግገው የሞንትሪያል ስምምነት በሚሠራባቸው ዓለም አቀፍ በረራዎች ለተጎዳ ሻንጣ አቤቱታ በጽሑፍ መቅረብ ያለበት ከተረከብሽበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ ነው። «ቤት ደርሰን አርፈን እናየዋለን» ያሉ ስንቶቹ ቀኑ አልፎባቸዋል።