ቀለበት መንገዱን በድልድይ ወይስ በመብራት?

ጥያቄው፦ አዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ ሰው አካፋዩን እየዘለለ ይሻገራል፣ ይገጫልም። የእግረኛ ድልድይ ይጨመር ወይስ መሬት ላይ ዜብራና መብራት ይደረግ? አራት ተከራካሪዎች በቅጽል ስማቸው ይመልሳሉ።

ቀያሹ፦ ድልድይ! መንገዱ የተሠራው መሀል ከተማ ጉዳይ የሌለውን መኪና ዳር ዳሩን ለማሳለፍ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና፣ ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 55 ሜትር፣ ከረገጠ በኋላ ደግሞ 70 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፍሬኑ ያረጀ፣ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ሲሆንማ አይጣል ነው።

ባለእግሩ፦ እስቲ ደረጃውን ቁጠሩት። ከድልድዩ ሥር 5 ሜትር ተኩል ክፍተት ቢተው፣ አንዱ ደረጃ 16 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ቢያንስ 35 ደረጃ ወጥቶ 35 መውረድ ነው። ልጅ ያዘለችስ? ለዊልቸር በየ12 ሜትሩ 1 ሜትር የሚነሳ መወጣጫ ይሠራ ከተባለ፣ በአንድ ጎን ብቻ 66 ሜትር ይበላል። በአንድ አቅጣጫ ያለው ሁለት መስመር አስፋልት ግን 7 ሜትር ነው፤ በ6 ሰከንድ ይታለፋል። ዘላዩ ሰው ሒሳቡን አሳምሮ ያውቀዋል።

ፌርማታ፦ ሁለታችሁም ታክሲውን ረሳችሁት። ሚኒባስ ሰው የሚያወርደው ድልድዩ ሥር ሳይሆን የጎን መንገዱ ከዋናው የሚገናኝበት አፍ ላይ ነው። ከዚያ 300 ሜትር ወደ ኋላ ተመልሶ ድልድይ የሚወጣ የለም። መጀመሪያ ፌርማታው ወደ ጎን መንገዱ ይግባ፤ መሻገሪያው እሱን ይከተል።

ቀያሹ፦ መብራቱስ? በአንድ መስመር በሰዓት 1,200 መኪና የሚመጣ ከሆነ፣ 30 ሰከንድ ቀይ 10 መኪና ያቆማል፤ 70 ሜትር ሰልፍ ማለት ነው። ዩ-ተርኑ እዚያው ቅርብ ካለ ታፈነ።

ባለእግሩ፦ በየቦታው ይተከል አልተባለም። ከዩ-ተርን በራቀ ቦታ፣ መሀሉ ላይ 2 ሜትር መቆሚያ ተትቶ፣ ሰው በሁለት ጊዜ ይሻገር። ፍጥነቱ ወደ 50 ሲወርድ ቀያሹ መኪናው እስኪቆም ይሄዳል ያለው 125 ሜትር (55 ሲደመር 70) ወደ 63 ይወርዳል።

ካርታ፦ ለመሆኑ አሁን ዳር የቱ ነው? ጀሞም አያትም ኮየ ፈጬም ከቀለበቱ ውጭ ናቸው። ከአዳማ የሚመጣው የፍጥነት መንገድ የሚያበቃው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ አላፊ ጭነት ከዚያው ተነሥቶ በውጭ በኩል ይዙር። ቀለበቱ የከተማ ጎዳና ከሆነ ቆይቷል።

ቀያሹ፦ 50 የሚል ታፔላ ብቻውን ማንንም አያዘገይም። መስመሩ ከ3.5 ወደ 3.25 ሜትር ይጥበብ፣ የጎን መንገዱ ዜብራ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ያኔ መብራቱን እቀበላለሁ። ማሳለጫ አፍ ላይ ግን አሁንም ድልድይ ነው የምለው፤ እዚያ ሲገባ የሾፌሩ ዓይን ያለው የጎን መስታወቱ ላይ ነው።