ለረጅም መንገድ የሚመች የመጀመሪያ ክሩዘር፦ የቱን ልምረጥ?

አዲስ ጋላቢ

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን የምነዳው 150 ሲሲ ሞተር ነው፤ አሁን ክሩዘር (ዝቅ ባለ ወንበር ዘና ብለው የሚነዱት ሞተር) ልገዛ ነው። ቁመቴ 1.68 ሜትር፣ ክብደቴ 72 ኪሎ ነው። የምፈልገው በአንድ ቀን ከ250 እስከ 300 ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ ወገቤን ሳያመኝ መንዳት ነው፤ አልፎ አልፎ ከኋላ ሰው ይኖራል። ዓይኔ ያረፈው እግር ወደፊት ተዘርግቶ የሚነዱት ረጃጅሞቹ ላይ ነው፤ ሲያዩዋቸው እንደ ሶፋ የሚመቹ ይመስላሉ። ስንት ሲሲ ይበቃኛል? አዲስ ይሻላል ወይስ ያገለገለ?

ካቴና

ወንድሜ፣ ከሲሲው በፊት እግርህ የት እንደሚያርፍ ወስን። መርገጫው ወደፊት በራቀ ቁጥር የላይኛው አካልህ ክብደት በሙሉ መቀመጫህና ታችኛው የወገብ አጥንትህ ላይ ያርፋል። ጉድጓድ ሲመጣ በእግርህ ተጭነህ ከወንበሩ ብድግ ማለት ስለማትችል ምቱን በቀጥታ የሚቀበለው አከርካሪህ ነው። በዚያ ላይ ፍጥነት ሲጨምር ነፋሱ ደረትህን ወደኋላ ይገፋሃል፣ አንተም መሪውን ይዘህ ትጎትታለህ፤ ትከሻና አንገት የሚያልቀው በዚህ ነው። ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ መነሳት ይህን አያሳይም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥበት፣ ከዚያ እግርህን መርገጫው ላይ አድርገህ መሪውን ሳትጎትት ለመነሳት ሞክር። ካቃተህ ያ ሞተር ለ300 ኪሎ ሜትር አይሆንህም።

ሁለተኛው የክሩዘር ድክመት የኋላ አሞርዛተር (የመንገዱን ምት የሚያለሰልሰው) ነው። መቀመጫው ዝቅ እንዲል ሲባል የኋላው ጎማ ወደላይና ወደታች የሚንቀሳቀስበት ርቀት ያጥራል፤ ብዙዎቹ ላይ ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ለመልክ ሲባል ይበልጥ ዝቅ የተደረጉት ደግሞ ከዚያም ያንሳሉ። ሰው ስትጨምርበት እስከ መጨረሻው ወርዶ ይመታል። ወፍራም ወንበር ይህን አያድንም። እንዲያውም በጣም ለስላሳ ስፖንጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይተኛና ከሥሩ ያለው ጠንካራ ነገር ይሰማሃል፤ ሰፋና ጠንከር ያለ ወንበር ይሻላል።

ወደ ሞዴሎቹ ስንመጣ፣ ለአንተ ቁመትና ዓላማ የእኔ ምርጫ ካዋሳኪ ቩልካን ኤስ ነው። 649 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ የመቀመጫ ከፍታው 705 ሚሊ ሜትር፣ ታንኩ 14 ሊትር፣ ክብደቱ ወደ 228 ኪሎ። ዋናው ነገር መርገጫው ነው፦ ከመካከለኛው ቦታ ወደፊትም ወደኋላም 25 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ለ1.68 ሜትር ሰው ወደኋላ ማምጣት ይሻላል። ለአጭር ሰው ወደ አካል የሚቀርብ መሪና ወንበርም ይገጠምለታል። ሲነዳ ከፍ ባለ ዙር መሥራት ይወዳል፤ የቪ ሞተር (ሲሊንደሮቹ በ"V" ቅርጽ የተቀመጡ) ድምፅ የምትጠብቅ ከሆነ አታገኝም።

ሆንዳ ሬብል 500 (471 ሲሲ፣ 690 ሚሊ ሜትር፣ ወደ 190 ኪሎ) ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ ከ150 ሲሲ ለሚመጣ ሰው አይከብድም። ግን ታንኩ 11.2 ሊትር ብቻ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 4 ሊትር ቢበላ 280 ኪሎ ሜትር ላይ ባዶ ይሆናል፣ ስለዚህ 220 ላይ ነዳጅ መፈለግ መጀመር አለብህ። የኋላ ወንበሩም ትንሽ ነው።

የትኛውንም ብትገዛ ኤቢኤስ ያለውን ያዝ። እርጥብ አስፋልት ላይ የደነገጠ እጅ የፊት ፍሬኑን ሲጨብጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው እሱ ነው።

ሻፍት ይሻላል

ከካቴና ጋር በእግር መርገጫው እስማማለሁ፤ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ግን ሰንሰለት ያለው ሞተር ለምን ይመከራል? በየ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትሩ ማጽዳት፣ መቀባት፣ ልልነቱን መለካት አለ። ያገለገለ ከሆነ ያማሃ ቪ-ስታር 650 ወይም ሱዙኪ ቡሌቫርድ ሲ50 (805 ሲሲ) ፈልግ። ሁለቱም ሻፍት ናቸው፣ ማለትም የኋላውን ጎማ የሚያዞረው በሰንሰለት ፋንታ የብረት ዘንግ ነው፤ የሻፍቱን ዘይት በመመሪያው መሠረት መቀየር ብቻ ነው። የሲ50 ሞተር በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ስላለው ዳገት ላይ ማርሽ ቶሎ ቶሎ መቀያየር አያስፈልግህም፣ የኋላ ወንበሩም በትክክል ለሰው የተሠራ ነው።

ጉድለታቸውንም ልንገርህ። ሲ50 ወደ 277 ኪሎ ይመዝናል፣ የሁለቱም የኋላ ፍሬን ታምቡር (ዲስክ ያልሆነ) ነው፣ አሮጌዎቹ ኤቢኤስ የላቸውም። በእግር መቆሚያ ሰሌዳ የሚመጡት ደግሞ ኩርባ ላይ ትንሽ ስታጋድል ሰሌዳው አስፋልቱን ይነካል። አደጋ አይደለም፣ ማጋደሉን አቁም የሚል ምልክት ነው፤ ደንግጠህ መሀል ኩርባ ላይ ፍሬን አትያዝ።

ካቴና

ሻፍቱ እውነት ነው። ግን ከ150 ሲሲ ለወጣ ሰው 277 ኪሎ ብዙ ነው፣ ችግሩም መንገድ ላይ ሳይሆን ቆሞ ሲዞር ነው። የክሩዘር የፊት ሹካ ወደፊት የተዘረጋ ስለሆነ በዝግታ ስትዞር መሪው በራሱ ወደ ውስጥ መውደቅ ይፈልጋል። መሪው ታጥፎ እያለ የፊት ፍሬን ከነካህ ሞተሩ ተኛ ማለት ነው። በዝግታ ስትዞር የኋላ ፍሬን ብቻ፣ ፍሪሲዮኑ በግማሽ ተይዞ።

መካኒኩ

ያገለገለ ከገዛህ እነዚህን ሳታይ ብር አትክፈል።

ሻጩን ሞተሩን ቀድሞ እንዳያስነሳው ንገረው፤ ስትደርስ ሲሊንደሩን በእጅህ ንካ። ከሞቀ የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል። ከቀዝቃዛ ተነስቶ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሚኒሞው (ጋዝ ሳትሰጠው የሚዞርበት ዙር) መርጋት አለበት። ቪ-ስታር 650 ባለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ነው፦ ለወራት ከቆመ ቤንዚኑ ይደርቅና ትንንሾቹን ቀዳዳዎች ይዘጋል፣ ሞተሩ በቾክ (ለቀዝቃዛ ማስነሻ ቤንዚን በሚያበዛው) ብቻ ይሠራል፣ ቾኩን ስትመልስ ይጠፋል። የታንኩን ክዳን ከፍተህ በባትሪ መብራት ውስጡን እይ፤ ዝገት ካለ ካርቡራተር ማጽዳት ብቻውን አይበቃም፣ ዝገቱ ተመልሶ ይዘጋዋል።

ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዘህ ሂድ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ተነስቶ 4,000 ዙር ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ከ13 በታች ከሆነ ባትሪው እየተሞላ አይደለም፤ መጀመሪያ የሬጉሌተሩን (የባትሪ መሙያውን ቮልት የሚቆጣጠረውን) ሶኬት ነቅለህ የቀለጠ ወይም የጠቆረ ፒን ካለ እይ። ከ15 በላይ ከሆነ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፣ ባትሪውንም ያፈላዋል።

የፊት ጎማውን ከመሬት አንሳና መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ከዳር እስከ ዳር አዙር። በእኩል ልስላሴ መዞር አለበት። ልክ ቀጥ ሲል ትንሽ ያዝ አድርጎ ከለቀቀህ የመሪው ኩሽኔታ ተቦርቡሯል፤ መንገድ ላይ ሞተሩ በቀጥታ መሄድ ትቶ ግራ ቀኝ ይላል። ከዚያ የፊት ሹካውን ቱቦ በጣትህ ጥረግ፣ የዘይት ቅባት ከያዘ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ አልቋል።

ጎማው ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ጥርሱ ቢኖርም ከስድስት ዓመት ያለፈ ጎማ ስለሚደርቅ እርጥብ ላይ አይይዝም። የመለወጫውን ዋጋ ከሞተሩ ዋጋ ቀንስ።

አዲስ ጋላቢ

በጣም አመሰግናለሁ። የእግር መርገጫውን ጉዳይ በፍጹም አላሰብኩትም ነበር፤ ቩልካን ኤስን አየዋለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ሮያል ኤንፊልድ ሜቲዮር 350ስ እንዴት ነው? የነፋስ መከላከያ መስታወትስ ያስፈልገኛል?

ሻፍት ይሻላል

ሜቲዮር 350 ወንበሩና አቀማመጡ ጥሩ ነው፣ ታንኩም 15 ሊትር ነው። ጉልበቱ ግን ወደ 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። በሰዓት ከ80 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ይመቻል፤ ከ100 በላይ፣ ዳገት ላይ፣ ከኋላ ሰው ይዘህ ለመቅደም ግን የሚቀርህ ነገር የለም። የኤንፊልድን መልክ ከወደድክ ሱፐር ሜቲዮር 650 እይ፣ ክብደቱ 241 ኪሎ መሆኑን ሳትረሳ።

መስታወቱ ከ90 በላይ ለሚነዳ ሰው ድካምን በጣም ይቀንሳል፣ ግን ከፍታው ልክ ካልሆነ ባይኖር ይሻላል። የላይኛው ጠርዙ ከአፍንጫህ ትይዩ ይሁን፤ መንገዱን በላዩ እንጂ በውስጡ አትይ። ዝናብና ነፍሳት ሲያበላሹት በማታ ምንም አይታይም። ሄልሜትህን የሚያንቀጠቅጥ ነፋስ ከመጣ ጠርዙ የሚወረውረው አየር ጭንቅላትህ ላይ እያረፈ ነው ማለት ነው፤ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገህ፣ ወይም ዘንበል አድርገህ ሞክር። ለጆሮህም መድፈኛ ግዛ፤ የነፋሱ ጩኸት ራሱ ያደክማል።

መካኒኩ

ከኋላ ሰው ስለሚኖር፣ እንደገዛኸው አሞርዛተሩን ለክብደትህ አስተካክል። የኋላው ጎማ መሬት እስኪለቅ ሞተሩን በክሪክ አንሳና ከጎማው አክስል እስከ ከላዩ ያለ አንድ ቋሚ ቦታ ለካ። ከዚያ አውርደው፣ የምትለብሰውን ሁሉ ለብሰህ ተቀመጥበት፣ እግርህ መርገጫው ላይ ይሁን፣ ሌላ ሰው ያንኑ ርቀት ይለካልህ። ልዩነቱ የኋላው ጎማ ካለው ጠቅላላ እንቅስቃሴ ከ25 እስከ 30 በመቶ መሆን አለበት፤ እንቅስቃሴው 80 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ20 እስከ 24 ማለት ነው። ከበለጠ የሞላውን ማጥበቂያ አንድ ደረጃ ጨምርና እንደገና ለካ። ሁለት አሞርዛተር ካለው ግራና ቀኙ እኩል ደረጃ ላይ ይሁኑ። ከኋላ ሰው ሲጨመር ማጥበቂያውን ከፍ አድርግ፣ የጎማውንም ነፋስ ለሁለት ሰው በተጻፈው ልክ ሙላ፤ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ሰንሰለት መሸፈኛው ወይም የኋላውን ጎማ የያዘው ክንድ ላይ ተለጥፏል።