ልጄ መጽሐፍ ሳወጣ ይደበቃል፤ እናንተ እንዴት አደረጋችሁ?

የማሙሽ እናት (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። ሀሁን በዜማ ከላይ እስከ ታች ይወርደዋል። ከመሃል አንዷን ስጠቁመው ግን ይጠፋበታል። የምሠራው ፋብሪካ ነው፣ በፈረቃ። ደክሞኝ ስገባ "ና አንብብ" እለዋለሁ። ትናንት ጣቱን "መ" ላይ አድርጎ ቀና ብሎ አየኝ። የሚያነበው ፊደሉን ሳይሆን ፊቴን ነው፤ ተቆጥታ ይሆን እያለ። አንጀቴን በላው። መጽሐፍ የሚፈራ ልጅ ማሳደግ አልፈልግም። ቤት ያለው የመማሪያ መጽሐፉ ብቻ ነው፤ የልጆች መጽሐፍ ዋጋው አይቀመስም። ምን ላድርግ?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ አንደኛ ክፍል ለብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። ለጊዜው "አንብብ" የምትለውን ቃል ተዪያት። አንቺ አንብቢለት፣ ጎንሽ አስቀምጠሽ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሥዕሉን አሳዪውና "አሁን ምን የሚሆን ይመስልሃል?" በዪው። ያንኑ ታሪክ ደጋግመሽ አንብቢልኝ ቢልሽ አትሰልቺ፤ ቃላት ልጁ አእምሮ ውስጥ የሚቀሩት በድግግሞሽ ነው። ዜማውም ክፉ አይደለም። ግን 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ለሕፃን ብዙ ነው። በስሙ ፊደላት ጀምሪ። "የእኔ ናት" ያላትን ፊደል የትም ቢያያት ይለያታል።

ድሮ እዚሁ ከተማችን ኢትዮጵያ ሪድስ የሚባል ድርጅት የጀመረው፣ አህያ የሚጎትተው የልጆች ቤተ መጻሕፍት ነበር። ያ ጋሪ አሁንም ይናፍቀኛል።

ባለ ባጃጁ፦
እህቴ፣ እኔም መግዛት አቅቶኝ መጽሐፉን ራሳችን ሠራን። እሑድ ልጄን አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ወሰድኳት። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ሲሻሙ አፏን ከፍታ አየች። ቤት ስንገባ "ንገሪኝና ልጻፈው" አልኳት። እንዳለችው ጻፍኩ፦ "አባ ኮዳው ራሰ በራ ነው። ዓሣውን ሳያኝክ ዋጠው። እኔ ግን አልፈራሁም።" በየገጹ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ሥዕሉን እሷ ሳለች፣ እናቷ በመርፌና በክር ሰፋችው። መጀመሪያ በቃሏ ነበር የምትለው፤ እኔም ዝም አልኳት። ከዚያ አንድ ቀን ፒያሳ ስናልፍ ምግብ ቤት በር ላይ "ዓሣ" የሚለውን ራሷ አገኘችው። ባጃጁን አቁሜ አቀፍኳት።

ሐዋሳዊት፦
እኛ ቤት አያትየዋ ፊደል አልቆጠሩም። ተረት የሚያወሩት በሲዳምኛ ነው። ልጄ ደግሞ ሲዳምኛን በላቲን፣ አማርኛን በፊደላችን ይማራል። ይምታታበታል ብዬ ተረቱን ላስቆም ነበር፤ ተሳስቼ ነበር። ተረት ሲሰማ ያደገ ልጅ መጽሐፍ ሲከፈትለት "ከዚያስ?" ይላል። ያ "ከዚያስ?" ነው ገጹን የሚያስገልጠው።

ስለ ዋጋው፣ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል ድረ ገጽ አለ። የአማርኛ የልጆች ታሪኮች በነፃ ታገኚበታለሽ፤ አሳትሞ መጠቀምም ይፈቀዳል። እኔ አጫጭሮቹን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ አስጠርዣለሁ። ስልኩን ለልጁ አትስጪው፣ ወረቀቱን ስጪው።

የማሙሽ እናት፦
ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት የማታ ፈረቃ ነበርኩ። ከመውጣቴ በፊት ደብተር ይዤ ጎኑ ተቀመጥኩና "ንገረኝ፣ ልጻፍልህ" አልኩት። መጀመሪያ ዝም አለ። ቆይቶ፦ "እማዬ ፋብሪካ ትሄዳለች። ሸሚዝ ትሰፋለች። እኔ ከአክስቴ ጋር እተኛለሁ።" ሦስት ገጽ ሆነ። "እ" የምትለዋን ባለችበት ሁሉ በቀይ ከበብኩለት።

ጠዋት ስገባ በሩ ላይ ጠበቀኝ፣ ደብተሩን ይዞ። አራተኛ ገጽ ላይ ሥዕል ስሏል፤ ቦርሳ የያዘች ሴት በር ላይ ቆማለች። "ይሄን ጻፊውና አብረን እናንብበው" አለኝ።